መሪጌታ ቀለመወርቅና የውኃው ፌጦ

ቀለመወርቅ አራት ዓመት ባሌ ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ሰው በልጅነቱ እከክ እንደያዘው ሲያወራ አያፍርምና። ዛሬ በእስቴ በኩል «መሪጌታ» ይሉታል። መሪጌታ የሚባለው ማኅሌት ሲቆም የሚመራ፣ ዜማውን ከነምልክቱ የሚያውቅ ሰው ነው። ቀለመወርቅ ድጓውን ሳያጋምስ ከጉባኤ ቤት የወጣ ሰው ነው። ማኅሌት ላይ ሌሎቹ ቃሉን እስኪያነሡት ይጠብቅና ከኋላ ከኋላ ያጉረመርማል። አጠገቡ የሚቆሙት ያውቁ ነበር። እኔም በሴቶቹ በኩል ቆሜ አውቅ ነበር።

አገሬ ስማዳ ነው፤ ከወገዳ ቁልቁል ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንደር። ከመንደራችን ግርጌ ጨፌ አለ። ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ምንጭ ሜዳው ላይ ይተኛና ረግረግ ይሠራል። የሌላ አገር ረግረግ ጥር ሲያልቅ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል፤ የእኛው ክረምት ከበጋ እንደለመለመ ነው። እዚያ ውኃ ላይ የሚበቅል ቅጠል አለ፤ እኛ የውኃ ፌጦ እንለዋለን። ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው፤ ቅጠሉ ትንንሽና ክብ፣ አበባው ነጭ ነው፤ ሥሩም እንደ ፈትል ነጥቶ ውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ሲያኝኩት እንደ ፌጦ ምላስ ይለበልባል፤ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

እናቴ ወለተ ሚካኤል በጾም ቀን ትከትፈውና በነጭ ሽንኩርትና በጨው ታበስለዋለች፤ ካላት የተወቀጠ ኑግ ጣል ታደርግበታለች። ሳል የጠናበት ሰው ሲመጣ ጭማቂውን በማር ታጠጣዋለች። ድዱ ለሚደማው ጥሬውን ታስኝከዋለች። አራስ ካለች ከገንፎው ጎን አይጠፋም። ለዚህ ሁሉ የምትደግመው ድግምት አልነበራትም። የምታስጠነቅቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጥሬውን የምትበሉት ከምንጩ ዓይን ላይ ያለውን ነው። ከብት ከሚጠጣበት በታች የበቀለውን ሳታበስሉ አፋችሁ አታግቡ፤ ጉበት ያበላሻል» ትለን ነበር። በግ ታርዶ ጉበቱ ውስጥ ጠፍጣፋ ትል የተገኘ ቀን ሁላችንንም ጠርታ አሳየችን።

ቀለመወርቅ ቤታችን የመጣው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ነው። ከላይ ጋይንት ጉባኤ ቤት ወጥቶ፣ ከሰው ደጅ ያገኘውን ደረቅ ቂጣ ሲበላ ከርሞ፣ ከስቶና ገርጥቶ መጣ። ድዱ አብጧል፤ ሲናገር ጥርሱ ሥር ደም ይታያል። እናቴ ሳትጠይቀው ወጡን በገበታ አቀረበችለት።

«ይህ ከብት የሚበላው ሣር አይደለም ወይ?» አላት።

«ከብቶቹም ድዳቸው አይደማም» አለችው።

በላ። ጓሯችን ካለችው ጎጆ እያደረ ሦስት ሳምንት በላ። ለሆሳዕና ድዱ ገጥሞ ፊቱ ወዝቶ ነበር። አባቴ «እግዚአብሔር ማረህ» ቢለው፣ «አዎን፤ ውዳሴ ማርያም ሳላቋርጥ እደግም ነበር» ብሎ መለሰ። እናቴ ከምድጃው ዘወር ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔም ያን ዕለት ሰውየውን ማወቅ ነበረብኝ። አላወቅሁም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሱም ጥርሱ ያምር ነበር። ያንን ጥርስ ያተረፈችለት እናቴ መሆኗን እንኳ አላሰብኩም።

አባቴ ወልደ ገብርኤል ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ስለነበር ቀለም የነካውን ሰው ሁሉ ያከብራል። ዳረኝ።

በአራቱ ዓመት ውስጥ ቀለመወርቅ ሞፈር ጨብጦ አያውቅም። «የቤተ ክርስቲያን ሰው አፈር አይነካም» ይላል። የደብራችን መምህር ገብረ ሕይወት አራቱን ጉባኤ የጨረሱ ሊቅ ናቸው፤ እሳቸው ግን ሰኔ ሲገባ የገብስ ማሳቸውን በገዛ እጃቸው ያርሳሉ። ይህን ባነሣበት «እሳቸው የዱሮ ሰው ናቸው» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጦ አንዲት ብራና ይገልጣል። ብራናዋ አሥር ቅጠል ብትሆን ነው። በአራተኛው ዓመት ቅኔ ልጨርስ ብሎ የአባቴን በቅሎ ተውሶ ወደ እስቴ ሄደ። እሱም በቅሎዋም አልተመለሱም። በዓመቱ ሽማግሌ ልኮ ፈታኝ። አባቴ የበቅሎዋን ነገር ሲያነሣ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ ያዘንኩት ለበቅሎዋ ነው።

ኋላ ላቀው የሚባል ገበሬ አገባሁ። ላቀው ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ያርሳል።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ጣልያን ወጥቶ፣ አገር ተረጋግቶ፣ ሰው ሁሉ በመሬት ሙግት የተጠመደበት ጊዜ ነበር። ብርቄ የምትባል ጎረቤቴ ባሏ ለሙግት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ሰንብቶ ስለነበር ስንቅ ልታደርስለት ሄደች። በየካቲት ስትመለስ አፉ በሰም የተደፈነ ትንሽ ቅል በብብቷ ይዛ መጣች። እንደ ታቦት በነጠላ ሸፍናዋለች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«መድኃኒት ነው። እዚያ ሳለሁ ድዴ እየደማ አስቸገረኝ። መሪጌታ ቀለመወርቅ ናቸው የሰጡኝ።»

ያ ሰውዬ «ናቸው» ሲባል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ማን እንደሚባል ጠየቅኋት።

«ዕፀ ማየ ሕይወት። የሚለቅሙበትን አገር አይናገሩም። ሲለቅሙት ሰው ካነጋገራቸው ኃይሉ ይጠፋል አሉ።»

ሰሙን ልጬ አሸተትኩት። ደርቆ የተወቀጠ የውኃ ፌጦ ነው፤ ጠቆር እንዲል ጥቂት ዐመድ ገብቶበታል። በጣቴ ቀመስኩት። ማቃጠሉ እንኳ ጠፍቶ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል።

«ብርቄ፣ ይህ እኮ ለስንቅ መንገድ ከመውጣትሽ በፊት እኔ ቤት የበላሽው ወጥ ነው።»

«እሱ ጎመን ነው፤ ይኼ መድኃኒት ነው።»

«ጨፌው ያውልሽ። ውረጂና እርጥቡን አኝኪው።»

ቅሉን ከእጄ ወሰደች። «አንቺ ስለፈቱሽ ነው እንዲህ የምትዪ» አለችኝና ሄደች። ብርቄ ጨፌው ዳር የተወለደች ሴት ናት። ቅጠሉን ጥርስ ካወጣችበት ጊዜ ጀምሮ ስትበላው ኖራለች። ሁለት ቀን ተጉዛ ያንኑ አድርቀው ዐመድ ቀላቅለው ሲሰጧት ግን እጅ ነሥታ ተቀበለች። ለቀለመወርቅ ንቀት ከነበረኝ ለብርቄም ከዚያው ቀንሼ ሰጠኋት።

ስሙን ለመምህር ገብረ ሕይወት ነገርኳቸው። ከማሳቸው ዳር ተቀምጠው ማረሻ ይስሉ ነበር።

«ዕፅ ማለት እንጨት ነው» አሉኝ። «ይህ ቅጠል እንጨት አለው?»

«የለውም።»

«ሣዕር ቢለው ግእዙ ይቀናለት ነበር።» ማረሻውን ገልበጥ አድርገው ሌላውን ጎን መሳል ጀመሩ። «ግን ሣር ብሎ ማን ይወስድለታል?»

በመጋቢት፣ የጾሙ እኩሌታ ሲያልፍ፣ ቀለመወርቅ ራሱ መጣ። በበቅሎ ነው የመጣው፤ የአባቴ አይደለችም፣ ከእሷ የምትሻል ናት። ራሱ ላይ ትልቅ ነጭ ሻሽ ጠምጥሟል፤ እጁ ላይ ጭራ አለ። ከኋላው ወልደ ሰንበት የሚባል ጠመንጃ ያነገተ አሽከር ይከተለዋል። አሽከሩ የቀኛዝማች ጥጋቡ ነው። ቀኛዝማች ጥጋቡ ቤቱ በእስቴ በኩል የሆነ፣ በእኛም መንደር ሰፊ ርስት ያለው ሰው ነው፤ ጨፌው ዳር ያለው ግጦሽ የእሱ ነው። ስለዚህ ጭቃ ሹማችን አቶ ፈንታ አሽከሩን ሲያይ ከነጫማው ሊውጠው ደረሰ። ጾም ሆነበት እንጂ በግ ያርድ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ፈንታ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ተናገረ። በጨፌው ላይ ክፉ መንፈስ ሰፍሯል፤ መሪጌታ እስኪያወጡት ድረስ፣ እስከ ፋሲካ፣ ሴት ወደ ጨፌው እንዳትወርድ፣ ቅጠሉንም እንዳትነካ፤ ነክታ የተገኘች ለቀኛዝማች መልስ ትሰጣለች አለ። ቀለመወርቅ አጠገቡ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኗል።

በጾም እኩሌታ የእኛ መንደር ከጨፌው በቀር እርጥብ ቅጠል የሚገኝበት የለም። ጎመኑ ደርቋል፤ ያለው ሽሮ ብቻ ነው። ይህን የማታውቅ ሴት በዚያ ደጅ አልነበረችም። ሁሉም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው አማተቡ፤ ከዚያም እያንሾካሾኩ ወደየቤታቸው ሄዱ። መንፈስ ሰፈረ በተባለበት ጨፌ ባለፈው ቅዳሜ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ሲለቅሙ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ቅርጫቴን ይዤ ወረድኩ። ወልደ ሰንበት ጨፌው ዳር ካለው ሾላ ሥር ጠመንጃውን ታቅፎ ተኝቷል። ቀለመወርቅ ሻሹን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጭቃው ውስጥ ቆሞ በማጭድ ያጭዳል። አንዴ ወድቆ ኖሮ ጀርባው ሁሉ ጭቃ ነው። ያጨደውን ድንጋይ ላይ ለፀሐይ አስጥቶታል። የሚያጭደው ታች፣ ከብት ከሚጠጣበት ነበር። እበቱ አጠገቡ ይታያል።

«አሰለፈች፣ ክልክል ነው፤ አልሰማሽም?» አለኝ።

ሚስቱ ሳለሁ «እርስዎ» እለው ነበር። ያን ቀን ቃሉ ከአፌ አልወጣም።

«ሰማሁ። ከየት ነው የምታጭደው አንተ?»

«ከ... ከጨፌው ነዋ።»

«ከብት ከሚጠጣበት ነው። ይህን ጥሬውን ለሰው ብታጠጣ ጉበቱን ትበላዋለህ። እናቴ ፊትህ ስንት ጊዜ ተናገረች?»

«አላስተዋልኩም።»

«አታስተውልም። ትበላ ነበር።»

ወደ ሾላው ዞሮ አሽከሩ መተኛቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቀኛዝማች ጥጋቡ ከጥምቀት ጀምሮ ድዱ እያበጠ ይደማል። ሁለት ጥርሱ ወልቋል። ቅልጥሙ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ወጥቶበታል፤ ከአልጋ ሲነሣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ቀለመወርቅ ያንን ዐመድ የገባበትን ዱቄት ሦስት ቅል አስጨርሶታል፤ ምንም አልተሻለውም።

«በፋሲካ ሥጋ ማኘክ ካቃተኝ አንተም ፋሲካን አታያትም ብለውኛል» አለኝ።

«ምን ይበላል ሰውዬው?»

«ሥጋና ቅቤ። በጾም እንጀራ በሽሮ። ቅጠል ገበታቸው ላይ አይቀርብም፤ ጎመን የጢሰኛ ምግብ ነው ይላሉ።»

ሳቅ አመለጠኝ። ቆሜ ሳቅሁ። በአንድ በኩል ቅጠል መብላት የሚያዋርደው ቀኛዝማች አለ፤ በሌላ በኩል ቅጠሉን አድርቆ ገድሎ የሚሰጥ መሪጌታ። ሁለቱ ተገናኝተው ከጥምቀት ወዲህ ሲደናቆሩ ከርመዋል።

«የደረቀው አይሠራም» አልኩት። «እናቴ የደረቀ ሰጥታህ ታውቃለች?»

«እርጥቡን ሳደርሰው ይጠወልጋል። መንገዱ ሩቅ ነው።»

«ከነሥሩ ይነቀላል፤ በእንስራ በምንጩ ውኃ ይሄዳል። ሳምንት ይቆያል። እዚያም የሚፈስ ውኃ ካላቸው ይተከላል።»

ዓይኑ በራ። ይህን ፊት አውቀዋለሁ፤ ሌላ ሰው የጋገረውን ሲያይ የሚያመጣው ፊት ነው። «አሳዪኝ» አለ።

«ነገ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመህ ክልከላውን አንሣ። ያን ጊዜ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ምን ብዬ ላንሣው?»

«ውሸት ነበር በል።»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ጭቃው ውስጥ እንደቆመ «እሱን ካልኩ ማን ያበላኛል?» አለኝ። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ ሁለት ደኅና እጅ አለው፤ ያነጋገረኝ ግን እንዲህ ብሎ ነው። ላስተካክለው ፈልጌ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልፈለግሁም። ሰው ለማስተካከል ትንሽ ማክበር ያሻል።

«የፈለግኸውን በል» አልኩት። «ሴቶቹ ይውረዱ እንጂ።»

በማግሥቱ ቀለመወርቅ እስከ ፋሲካ ይቆይ የነበረውን መንፈስ በአንድ ቀን ጸሎት እንዳስለቀቀው ተናገረ። አቶ ፈንታ ጉልበቱን ሳመው። ብርቄ አለቀሰች። እኔ ከምንጩ ዓይን ላይ ከነሥሩ ነቅዬ ሁለት እንስራ ሞላሁ፤ ላቀው በአህያ ጫነውና መንገድ ጀመርን። ቀለመወርቅ በበቅሎው ከፊት ነበር። በመንገድ ሰው ባገኘን ቁጥር ፈጠን ብሎ የማያውቀን ይመስላል።

የቀኛዝማች ጥጋቡ ቤት ከመካነ ኢየሱስ ወዲህ፣ ጅረት አፋፍ ላይ ነው። ሚስቱ ወይዘሮ አመተ ማርያም ዝም ያለች ጠይም ሴት ናት። ማድቤቱን አሳየችኝና አጠገቤ ቆመች። ግማሹን ቅጠል ከትፌ፣ ያለ በርበሬ፣ ለቆሰለ አፍ እንዲለዝብ አድርጌ ለብ ለብ አደረግሁት። ምን እንደጨመርኩ፣ ስንት ጊዜ እንዳማሰልኩ እያየች ነበር። አልጠየቀችኝም።

ቀኛዝማች መደብ ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ትልቅ ሰው ነበር፤ ሥጋው ግን ተንጠልጥሏል። አፉን በጨርቅ ይዟል። የአፉ ሽታ በሩ ላይ ይቀበላል። አሽከሮቹ ምንም እንደማይሸተው ሰው ቆመዋል። ሳህኑን አቀረብኩለት።

«ምንድን ነው?»

«የውኃ ፌጦ ነው ጌታዬ። ረግረግ ላይ ይበቅላል። ይህን ይብሉ፤ ድድዎ ሲበረታ ደግሞ ጥሬውን ያኝካሉ።»

«ረግረግ ላይ» አለ። «እንቁራሪት ከሚተኛበት።»

«አዎን።»

«እኔ ጥጋቡ ጎመን ልበላ? መሪጌታ፣ ይህችን ሴት ለዚህ ነው ያመጣሃት?»

ቀለመወርቅ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ግድግዳው ቢቀበለው ይገባ ነበር። «ጌታዬ፣ እሷ ውኃ ተሸካሚ ናት፤ ምን ታውቃለች» አለ።

«ጥርስዎ ሲያልቅ ሥጋውም ጎመኑም አንድ ይሆናል» አልኩ ለቀኛዝማች። «እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።»

ላቀው ከበር ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀኛዝማች ሳህኑን በእጁ ጀርባ ገፋው፤ ወጡ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። «አውጧት» አለ። አንድ አሽከር ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ፤ አመተ ማርያም ግን «ማድቤት ትቆይልኝ» አለችውና ለቀቀኝ። በሩ ክፍት ስለነበር የቀረውን ከዚያ ቆሜ አየሁ።

ቀለመወርቅ እንስራው ውስጥ ከቀረው እፍኝ ሙሉ አወጣ። እዚያው በሙቀጫ ወቀጠው፤ በጨርቅ ጨመቀው። ጭማቂውን በቀንድ ዋንጫ አደረገና መስቀል የተጠለፈበት ጨርቅ ሸፈነበት። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በግእዝ ማዜም ጀመረ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልያዝኩትም። ቆይቼ ለየሁት። ጸሎተ ፍትሐት ነበር። በደብራችን ሳለ በየተዝካሩ እየሄደ ሲበላ ኖሮ፣ ሳያቋርጥ የሚወጣው ዜማ እሱ ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነው። በሕይወት ያለውን ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነፍሱን ያሰናብታል። ቀኛዝማች ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰማል። አሽከሮቹም ዝቅ አሉ።

ሲጨርስ ቀኛዝማች ዋንጫውን በሁለት እጁ ተቀብሎ እስከ ጭላጩ ጠጣ። አቃጠለው፤ ፊቱ ተኮማተረ።

«ይህ ነው መድኃኒት» አለ። «ኃይሉ ያስታውቃል።»

መናገር እችል ነበር። በሩ ላይ ነበርኩ። አልተናገርኩም፤ ፈርቼም አይደለም። ቅጠሉ ለድዱ፣ ፍትሐቱ ለነፍሱ፤ ሁለቱም የሚገባው ነው ብዬ ተውኩት።

የተረፈውን ተክል እኔና ላቀው ከቤቱ በላይ፣ ከብት በማይደርስበት፣ ጅረቱ ዳር ተከልነው። ለቀለመወርቅ በቀን ሦስት ጊዜ ከዚህ ብቻ ቆርጦ እንዲያጠጣው፣ ከዚህ በታች በጭራሽ እንዳይቆርጥ ነገርኩት። «ለምን?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ ግን ስንሄድ ለአሽከሮቹ ሲያስረዳ ሰማሁት። ከዚህ በታች ያለው ውኃ ጋኔን ስለሚታጠብበት ነው አላቸው። ከእናቴ አፍ የወጣ አንድ እውነት እንኳ ጋኔን ሳይጨምርበት አያልፍም።

ቀኛዝማች ጥጋቡ ለሆሳዕና ድዱ ገጠመ። ቅልጥሙ ነጻ። ለፋሲካ በቀሩት ጥርሶቹ ሥጋ በላ። ቀለመወርቅን ጥቁር ካባ አለበሰው፤ በውሰት ሲጋልባት የነበረችውንም በቅሎ ሰጠው። ያን ወሬ ያመጣችልኝ ብርቄ ናት፤ ልቤን ልታቆስል ብላ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ጤፍ እየነፋሁ ነበር፤ መንፋቴን አላቆምኩም።

ሴቶቹ ወደ ጨፌው ወረዱ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ብርቄና ሌሎች ሦስት አራት ሴቶች ከዚያ ወዲህ ቅጠሉን ወጥ አድርገው አይሠሩትም። መድኃኒት ስለሆነ በሽንኩርት ማብሰል ነውር ነው ይላሉ። ድዳቸው ሲደማ ወደ እስቴ ይልካሉ። በልጃቸው ፊት «አሰለፈች መድኃኒት ትቀቅላለች» ይላሉ። መምህር ገብረ ሕይወት በጾም ከማኅሌት ሲወጡ እኔ ቤት ጎራ ይላሉ፤ ሁለት ጊዜ ያስጨምራሉ፤ ስለ ቀለመወርቅ አያነሡም። አንድ ቀን ብቻ የፍትሐቱን ነገር ነግሬያቸው፣ ጉርሻው እጃቸው ላይ እንዳለ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

በጥቅምት፣ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲጠና፣ ወይዘሮ አመተ ማርያም መጣች። ጠበል ልጠመቅ ነው የምሄደው ብላ ለባሏ ነግራለች፤ አንዲት አሮጊት ገረድ ብቻ ተከትላታለች። እንግዳ አደረግኋት። ጫማዋን አውልቃ ከተቀመጠች በኋላ ወዲያው ጉዳይዋን ተናገረች።

«ጅረቱ ዳር የተከላችሁት በክረምቱ ጎርፍ ተወሰደ» አለችኝ። «ልጆቼ ድዳቸው ይደማል። መሪጌታን ብጠይቀው የሴት እጅ የነካው አይሠራም፣ ለልጅም ይከብዳል አለኝ። አንቺ ያን ቀን ስትሠሪው አይቻለሁ። አሠራሩን ይዤዋለሁ። ቅጠሉን ለይቼ ማወቅ ግን አልቻልኩም፤ ሌላ እንዳልቆርጥ ፈራሁ።»

ባሏ እንደገፋኝ አላነሣችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም። የመጣችበትን ነገር ብቻ ነው የተናገረችው። ከመካነ ኢየሱስ እስከ ወገዳ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ቅጠሉን ለይቼ ልወቅ ብላ ወደ እኔ የመጣችው እሷ ብቻ ናት።

ቅርጫት ሰጥቻት አብረን ወረድን። ከብቶቹ ታች ነበሩ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ ዓይን መራኋት። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ገባች። ውኃው በጥቅምትም ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሿን ያዝ አደረገች፣ ግን አልወጣችም። ጎንበስ ብላ አንዱን ያዘች።

«ይህ ነው?»

«እሱ ቀጤማ ነው።»

ሁለት እርምጃ ሄደች። «ይህስ?»

«ቅመሺው።»

አንድ ቅጠል አኘከች። ዓይኗ እንባ አቀረረና ራሷን ነቀነቀች።

«እሱ ነው» አልኳት። «ለዛሬ ወጥ ከላይ ከላዩ ቁረጪው። ይዘሽው የምትሄጂውን ኋላ ከነሥሩ እንነቅለዋለን።»

መቁረጥ ጀመረች። እኔም ከወዲያኛው ዳር ጀመርኩ።